ስለ አንድ ካያክ ሽማግሌ ተቀመጠ

ኬንት፣ ጎህ ሲቀድ

ከቤት ስወጣ ሰማዩ ገና አመድ ይመስላል። ሲያትል አጠገብ ባለችው ኬንት ውስጥ ንጋትን የሚያበስር ዶሮ የለም፤ ከመጋዘኖቹ ግቢ ወደ ኋላ የሚወጡ የጭነት መኪናዎች ጢው ጢው እያሉ ሰፈሩን ይቀሰቅሱታል። ሸለቆውን ስስ ጭጋግ ሞልቶታል። ካያኬ መኪናዬ ጣሪያ ላይ ተገልብጣ በሁለት ቀበቶ ታስራለች። ካያክ ማለት አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥባት ጠባብ የፕላስቲክ ታንኳ ናት። የእኛ ሰዎች ጣሪያዬ ላይ ሲያዩዋት የሬሳ ሳጥን ትመስላቸዋለች። "ማን ሞቶብህ ነው?" ይሉኛል። "እስካሁን ማንም፤ ሰው እየፈለግኩላት ነው" እላለሁ።

ዛሬ ግን የምሄደው በምስክርነት ነው። ጉዳዩ የጋሽ ሰይፉ ካያክ ነው። እስከ ምሽት ወይ የእሱ ሆና ትቀራለች፣ ወይ ትሸጣለች። ገዢ ተገኝቶላታል፤ ከሰዓት በኋላ ከኦበርን ፒካፑን ይዞ ይመጣል።

ጋሽ ሰይፉ የአውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱን የቀበረ፣ ሬንተን ከልጁ ከሜሮን ጋር የሚኖር ሰው ነው። ባስ የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ አብረን ነው የጀመርነው። አፉ ሰፊ፣ ጀርባው አረንጓዴ፣ ጠባዩ እንደ ሰፈር ጉልቤ የሆነ የሐይቅ ዓሣ ነው። ያስተማረን ሰው የለም፤ ሁለታችንም ከኢንተርኔት ተማርን፣ እያንዳንዳችን በየራሳችን ስህተት።

ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት ጋሽ ሰይፉን ስትሮክ መታው። እግሩ ተመለሰ፤ ትንሽ ብቻ ይጎትተዋል። ግራ እጁ ግን አልተመለሰም። ሰው ቤት ተረስቶ እንደቀረ ጃንጥላ ከትከሻው ተንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘው ሁሉ አንድ ምክር ይሰጠዋል፤ "አርፈህ ተቀመጥ።" በዚህ ከተማ ያለን ሰዎች በሃይማኖት አንስማማም፣ በፖለቲካ አንስማማም፣ ኪሎ ሥጋ የት ይረክሳል በሚለው እንኳን አንስማማም። ያረጀ ሰው አርፎ መቀመጥ አለበት በሚለው ግን አንድ ነን። እኔ ብዙ ሰው የተስማማበትን ነገር ስሰማ ቆዳዬ ይቆጣል፤ የምጽፈውም እሱኑ በመቃወም ነው። ይሄኛውን ስሰማ ደግሞ ደሜ ይፈላል።

ሬንተን፣ ፀሐይ ስትወጣ

ጋሽ ሰይፉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን የሕይወት ጃኬቱን ከቤቱ ለብሶ ነው የወጣው። አጠገቡ ሜሮን የነርስ ልብሷን እንደለበሰች ቆማለች፤ ለሥራ ልትወጣ ነው።

"መድኃኒቱ ቦርሳው ውስጥ ነው" አለችኝ። "ጋሽ ደረጄ፣ ፕሮሚስ አድርግልኝ። ጃኬቱን እንዳያወልቅ።"

"አያወልቅም።"

"እኔ ቪለን፣ ክፉ ሰው፣ አይደለሁም። እሺ? እማዬን ቀብሬያለሁ። እሱን ደግሞ ከሐይቅ ውስጥ ሲያወጡት ማየት አልፈልግም።"

የእሱን ካያክ ከጋራዥ አውጥተን ከእኔዋ ጎን ጫንናት። የምቃወመው ሰው ትክክል ሲሆን ነገሩ ጣዕም ያጣብኛል።

ነገሩ እዚህ የደረሰው እንዲህ ነው። ሜሮን ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው፤ አማርኛዋ ሲደክማት በእንግሊዝኛ ታርፋለች። ከአባቷ ጋር ስለ ካያኳ መጨቃጨቅ ሲሰለቻት ግን ጠበቃ አልጠራችም፣ አማካሪም አልፈለገችም። ሽማግሌ ላከችበት። ቄሱ፣ አቶ ወልዴ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ፣ እና አንድ ቤት የሚያሻሽጥ ሰውዬ መጥተው ሶፋው ላይ ተደረደሩ። ሦስቱም ካያክ በቅርብ አይተው አያውቁም። ጋራዥ ወስደን አሳየናቸው። ይህቺኛዋ በመቅዘፊያ ሳይሆን በእግር ፔዳል የምትነዳ ናት። አቶ ወልዴ ዞረው ዞረው አዩዋትና "ፍሬኗስ?" አሉ። ፍሬን እንደሌላት ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

ሸንጎው ረጅም ነበር። ስለ ጋሽ ሰይፉ እጅ ጥቂት ተወራ። ከዚያ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚል ክርክር ተነሳና የቀረው ጊዜ በሱ አለቀ። በመጨረሻ አቶ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ፈረዱ፤ "ሰይፉ የሰው እጅ ሳይነካው፣ ብቻውን፣ አንድ ዓሣ ይዞ ቤት ይምጣ። ይዞ ከመጣ ልጃችን ሁለተኛ ስለ ካያክ አታንሺ። ባዶ እጁን ከመጣ ይሸጥ።" ለምስክርነት እኔ ተመረጥኩ። "ደረጄ ለማንም አያዳላም" አሉ፤ ሙገሳ አልነበረም።

ቀኑን የቆረጡት ቤት አሻሻጩ በሚመቸው ቅዳሜ ነው። ያ ቅዳሜ ፍልሰታ ውስጥ እንደሚውል ያስተዋሉት ቄሱ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ነው። "እንግዲህ ፍሪዘር ውስጥ ይክተቱት" ብለው ወጡ።

እኛ የያዝነውን ባስ ወደ ውሃው ነው የምንመልሰው። ይህንን ለሽማግሌዎቹ ማን ያስረዳቸው? ዓሣ ይዞ የሚለቅ ሰው በእነሱ ዓይን ታክሲ ጠርቶ በእግሩ እንደሚሄድ ሰው ነው።

የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ፣ ማለዳ

ይህ ዓይነት ሱቅ ከዳቦ ቤት ቀድሞ ይከፈታል። አንዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ዘንግ ነው። ሌላው ግድግዳ ማባበያ ነው፤ የፕላስቲክ ትል፣ የላስቲክ እንቁራሪት፣ ምላጭ የመሰለ ብልጭልጭ ብረት፣ የሰው ጥፍር እንኳን ያልተቀባው ቀለም።

ሻጩ ጺሙን ያንዠረገገ ወጣት ነው። የጋሽ ሰይፉን እጅ አየና ወደ እኔ ዞረ። "እሱ ምን ዓይነት ዘንግ ይፈልጋል?"

"እሱ እዚህ ነው ያለው" አለው ጋሽ ሰይፉ በእንግሊዝኛ። "እጁ ነው የሞተው። ጆሮው ደህና ነው።"

ልጁ ቀላ። ከዚያ በኋላ ግን ትክክለኛውን ሰው እያየ አወራ፤ ይህም ከብዙ ዘመዶቻችን ያስበልጠዋል።

ችግራችን ይሄ ነው። ሁለት እጅ ያለው ሰው በአንዱ ዘንጉን ይይዛል፣ በሌላው ክሩን የሚጠቀልለውን መዘውር ያዞራል። ጋሽ ሰይፉ በቀኝ እጁ ወርውሮ ሲጨርስ የዘንጉን እጀታ ግራ ብብቱ ስር መሸጎጥ፣ በዚያው በቀኝ እጁ ደግሞ መዘውሩን ማዞር አለበት። ብብት ስር የሚደርሰው ረጅም እጀታ ነው። ካያክ ላይ ግን ረጅም ዘንግ መከራ ነው። ተቀምጠህ ስትወረውር ቂጡ ጃኬትህ ኪስ ውስጥ ይሰነቀራል፤ ዓሣው ታንኳህ ጎን ሲደርስ ደግሞ ከዘንጉ ርዝመት የተነሳ በእጅህ አትደርስበትም። የሚይዝልህ ሁለተኛ ሰው የለም። መረብ የሚያነሳ ሁለተኛ እጅ የለም።

"አጭሩን ነው" አልኩ። ስለ ጉዳዩ ያላነበብኩት ነገር የለም። "ካያክ ላይ ሁሉም አጭር እጀታ ነው የሚመክሩት።"

"ሁሉም?" አለኝ ጋሽ ሰይፉ። "አንተ ከመቼ ጀምሮ ነው ሁሉም የሚለውን የምትሰማው?"

"ትክክል ሲሆኑ እሰማለሁ።"

"ጉድ ነው። ቀኑን መዝግቡልኝ።"

በመዘውሩ ተስማማን። ከዘንጉ ሥር የሚንጠለጠለው ዓይነት ከመወርወርህ በፊት ክሩን የሚይዘውን ሽቦ የሚገለብጥ ሌላ እጅ ይፈልጋል። ከላይ የሚቀመጠው ግን አውራ ጣት ይበቃዋል፤ ተጭነህ ትወረውራለህ፣ ስታዞረው ራሱ ይቆለፋል። ጥፋቱ፣ አውራ ጣትህ ከሰነፈ ክሩ ድመት የተጫወተበት ይመስላል፤ በአንድ እጅ የሚፈታ አይደለም። ጋሽ ሰይፉ ቀኝ አውራ ጣቱን አንስቶ ለሻጩ አሳየው። "ይሄ ጣት እድሜ ልኩን ጥሩምባ ሲጫን ኖሯል" አለ።

በማባበያው ተጣላን። እሱ የላስቲኳን እንቁራሪት ያዘ። ውሃው ላይ እየዘለለች ስትሄድ ባሱ ከሥር ፈንድቶ ይውጣታል፤ ከዚህ የበለጠ ትርኢት የለም። ግን እንቁራሪቷ መንጠቆዎቿን ጀርባዋ ላይ አጣብቃ ነው የምትሄደው። ዓሣው ሲነክስ ዘንጉን በሁለት እጅ በኃይል ካልሳብክ መንጠቆው አይገባም። እኔ ብልጭልጩን ያዝኩ። እየተጎተተ ስለሚሄድ ዓሣው ራሱን በራሱ ይሰካል፤ ጉልበት አይጠይቅም።

"ራሱን በራሱ የሚሰካ ዓሣ!" አለ ጋሽ ሰይፉ። "እኔስ ምን ልሠራ ነው የምሄደው? ላጨበጭብ? ያውም በአንድ እጅ?"

ሻጩ በመካከላችን ገብቶ አንድ ከረጢት ትል አመጣ። ወፍራም፣ ጥቁር፣ ጫፍና ጫፉ የማይለይ ላስቲክ። መሐሉን ቀጭን መንጠቆ ላይ ትሰካዋለህ፣ ትወረውረዋለህ፣ ከዚያ ምንም አታደርግም። ሲሰምጥ ራሱ ይርገበገባል። ጋሽ ሰይፉ ከረጢቱን አሸተተ።

"ነጭ ሽንኩርት!"

"አዎ፣ ባሱ ይወደዋል" አለ ልጁ።

"ተመስገን" አለኝ ወደ አማርኛ ተመልሶ። "ይሄ እንኳን የጾም ነው።"

አጭሩን ዘንግ ገዛን፤ ማባበያውን ሦስቱንም። ክርክሩን ያሸነፍኩ መስሎኝ ከሱቁ ወጣሁ።

ሬኒየር ጎዳና፣ ሲያትል

ወደ ሰሜን ስንነዳ ሐይቁ በቀኝ በኩል በቤቶች መሐል ብቅ ጥልቅ ይላል። የሬኒየር ተራራ በኋላ መስታወት ውስጥ ተቀምጦ ይከተለናል። ቁርስ የበላነው የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት ነው። ጋሽ ሰይፉ ለመድኃኒቱ ሲል ማለዳ እንዲቀምስ የንስሐ አባቱ ፈቅደውለታል፤ ለእኔ የፈቀደልኝ የለም። የጾም ፍርፍር፣ ቃሪያው የሚያስለቅስ።

ወሬው ቀድሞን ደርሶ ኖሯል። ከጥግ ጠረጴዛ አንድ የድሮ የታክሲ ባልደረባው ጮኸ።

"ሰይፉ! ዛሬ ነው አሉ ፍርዱ?"

"ዛሬ ነው።"

"ሶ፣ ካልያዝክስ?"

"ካልያዝኩ አንተ ጋ መጥቼ አርፌ እቀመጣለሁ።"

ቤቱ ሳቀ። ሰውየው አልተሸነፈም። "ዓሣ ቤቱ እኮ መንገድ ላይ ነው፤ አንድ ገዝተህ ብትገባ ማን ያውቃል? ኦኬ? እኔ ልንዳህ።"

"ይሄ ያውቃል" አለ ጋሽ ሰይፉ፣ በአገጩ እኔን እያሳየ። "አፉ ሰፊ ነው፤ ከባስ ይሰፋል።"

ፍርፍሩን እየጠቀለለ ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረ፤ "ደረጄ፣ እውነቱን ልንገርህ። ቢሸጡብኝ ቀን ቀን የሚያውሉኝ እዚያ ሽማግሌ መዋያው ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው፣ ሰዎቹ ጥሩ ናቸው። ኳስ ያቀባብሉሃል። ለስላሳ ኳስ፣ የሕፃን። ለአንድ ሰው ወርውረህ ያ ሰው 'ጎበዝ' ይልሃል።" ጉርሻውን ዋጠ። "እኔ እኮ ሰው ጎበዝ እንዲለኝ አይደለም የምፈልገው። አንድ ነገር ከወዲያ በኩል እንዲታገለኝ ነው።"

ሒሳቡን እኔ ከፈልኩ፤ ጠብ ነበር፣ ግን በአንድ እጅ ከኪስ ቦርሳ ማውጣት ስለሚዘገይ ቀደምኩት። ለዚህ ሰደበኝ። ተገቢ ስድብ ነበር።

ዩኒየን ቤይ፣ ረፋድ

ከዩኒቨርሲቲው ሥር ሐይቁ ወደ ረግረግ ይሰፋል። ከላይ አውራ ጎዳናው በድልድይ ውሃውን ተሻግሮ ያጉረመርማል፤ ከሥሩ የውሃ አበባ ቅጠል እንደ ትሪ ተዘርግቷል፣ ነጫጭ አበባው ገና እየተከፈተ ነው። ግንዶች ላይ ኤሊዎች ፀሐይ ይሞቃሉ። መኪና የምናቆምበት ዋጋ ከሁለት ሰው ቁርስ ይበልጣል፤ ይህች ከተማ ተፈጥሮን በሰዓት ታከራያለች።

ካያኮቹን በትንሿ ጋሪ አውርደን ውሃው ዳር አደረስን። ሽማግሌዎቹ ውሃ ላይ እንዳልረዳው እንጂ መሬት ላይ እንዳልረዳው አልፈረዱም። ጋሽ ሰይፉ ከቦርሳው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

"ያዝልኝ እስኪ።"

ፈታሁት። ከመሐሉ የተቆረጠ ከዘራ ነው። አውቀዋለሁ። ከሆስፒታል ሲወጣ ሜሮን ገዝታለት፣ አንድ ቀን ይዞት ያልወጣው፣ በር ሥር ቆሞ የከረመው ጥቁር ከዘራ።

"ጋሼ፣ ይሄን ማን ቆረጠው?"

"እኔ ነኛ። ጉልበቴ መሐል አጣብቄ። አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ።" ቁራጩን በአጭሩ ዘንግ ቂጥ ላይ ደረበ፤ በሁለት የጎማ ቧንቧ ማሰሪያ ማሰር ነበር የቀረው። "አንተ አጭር አልክ፤ እኔ ረጅም እፈልጋለሁ። አሁን ፊቱ አጭር ነው፣ ኋላው ረጅም። በል አጥብቅ።"

አጠበቅኩ። የከዘራው ቆልማማ ጫፍ ግራ ብብቱ ሥር ልክ ገብቶ ትከሻውን ከኋላ አቀፈው። ጃኬቱ ኪስ ውስጥ የሚሰነቀር ቂጥ የለም፤ ጫፉ ቆልማማ ነዋ። ለሳምንታት ያነበብኩትን ሁሉ አንድ ጊዜ አሰብኩት። ዘንግ የሚሠሩት ሰዎች ሰው ብብት እንዳለው አስበው አያውቁም።

ውሃው ላይ

መጀመሪያ ብልጭልጩን ወረወረ፤ ለእኔ ሲል፣ በይሉኝታ ይመስለኛል። በሁለተኛው ውርወራ የቅጠል ግንድ ያዘና አልለቅ አለ። ሁለት እጅ ያለው ሰው በአንዱ እየሳበ በሌላው ይፈታዋል። እሱ ዘንጉን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ በፔዳል እየተጠጋ፣ ክሩን እየጠቀለለ፣ ቅጠሉ ጋ ደርሶ በጥርሱና በጣቱ ፈታው። እኔ አጠገቡ ተንሳፍፌ እጄን ጉልበቴ ላይ አስሬ ተቀምጫለሁ። ዝም ብሎ ማየት እንደዚህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር።

ከዚያ እንቁራሪቷን ላከ። ቅጠሎቹ ላይ እየነጠረች ስትመለስ ውሃው በድንገት ፈነዳ፤ ባልዲ እንደደፉበት። ዘንጉን ሳበ፤ ባዶ። ደግሞ ወረወረ፤ ደግሞ ፈነዳ፣ ደግሞ ባዶ። መንጠቆው አልገባም።

"ነግሬህ ነበር" ልል ከአፌ ጫፍ መለስኩት።

"በላ፣ በለው" አለኝ ሳያየኝ። "ታፍነህ እንዳትሞት።"

ፀሐዩ ከረረ። ታንኳ የተከራዩ ተማሪዎች እየሳቁ አለፉ፤ አንዷ "ዋው" ብላ ለጋሽ ሰይፉ አጨበጨበችለት፣ ምንም ሳይዝ። ፊቱን አዞረባት። ቀትር አለፈ። ገዢው አሁን ከኦበርን እየተነሳ ይሆናል።

በመጨረሻ ነጭ ሽንኩርት የሚሸተውን ትል አሰረ፤ ቋጠሮውን ለማጥበቅ ክሩን በጥርሱ ይዞ። ከቅጠሉ ዳር፣ ጥላው ከሚጀምርበት፣ ጣለው። ትሉ ሰመጠ። ጋሽ ሰይፉ ዘንጉን ብብቱ ሥር ሸጎጠና የውሃ ጠርሙሱን በጥርሱ ለመክፈት ጎንበስ አለ።

ክሩ በጎን በኩል መሄድ ጀመረ። በቀስታ፤ ሥራ እንዳለው ሰው።

"ጋሼ! ክሩ!"

ጠርሙሱን ጣለው። መዘውሩን ያዘ፣ ወገቡን ወደ ኋላ ለጠጠ፣ ዘንጉ እንደ ቀስት ጎበጠ። ካያኳ በዓሣው ተጎትታ ዞረች። ባሱ ከውሃ ወጥቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ትልቅ ነው፣ ከክንድ የሚበልጥ ውፍረት አለው። ጋሽ ሰይፉ በእግሩ ወደ ኋላ ይነዳል፣ በእጁ ይጠቀልላል፣ በብብቱ ይቆልፋል፣ በአፉ ይሳደባል። ዓሣው ወደ ቅጠሉ ሲሮጥ ከዘራው ተንቀጠቀጠ፤ ቧንቧ ማሰሪያው ሲንሸራተት አየሁ። መቅዘፊያዬን አነሳሁ።

"እንዳትነካኝ!" ብሎ ጮኸ። "ደረጄ፣ ብትነካኝ እገለብጥሃለሁ!"

መቅዘፊያዬን አስቀመጥኩ።

ዓሣው ደከመና ጎኑ መጣ። አሁን ነው ችግሩ። ጋሽ ሰይፉ መዘውሩን ለቀቀ፣ ትከሻውን ወደ ኋላ ጥሎ በብብቱ ብቻ ዘንጉን አቀና፣ ቀኝ እጁን ዘረጋ፣ ያንን ጥሩምባ የለመደ አውራ ጣት አፉ ውስጥ ከትቶ የታችኛውን መንጋጋ ያዘው። ባስ መንጋጋው ከተያዘ ይፈዛል። አነሳው። ውሃው ከጅራቱ ይንጠባጠባል። ሁለቱም፣ ሰውዬውም ዓሣውም፣ በኃይል ይተነፍሳሉ።

ጋሽ ሰይፉ ዓሣውን ጭኑ ላይ አስደግፎ ቀጭኑን መንጠቆ በጣቱ አወጣ። ከዚያ እጁን ወደ ውሃው ዝቅ አደረገ።

"ጋሼ፣ ቆይ! ይዞ ይምጣ ነው እኮ ያሉት። ቤት ነው ያሉት።"

"ሰምቻለሁ።"

"ከለቀቅከው ካያኳን ይሸጡብሃል።"

"እኔ ዓሣ ብገድል ለመብላት ነው። ጾም ላይ ነኝ፣ አልበላውም። ታዲያ ምን ብዬ ነው የምገድለው? ለማስረጃ?"

"ፎቶ ላንሳ እንግዲህ!" ስልኬ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ነው፤ ከረጢቱ እግሬ ሥር ነው።

"ተወው" አለ። "የወለድኳት እኔ ነኝ። ለልጄ የመታወቂያ ፎቶ አላቀርብም።"

ዓሣውን ውሃው ውስጥ ወዲያና ወዲህ አንሸራሸረው። ጅራቱን አንድ ጊዜ መታ፤ ፊታችንን በውሃ ረጭቶን ወደ ጥላው ገባ።

ዳርቻው፣ ከሰዓት በኋላ

ሥራ ላይ ናት ያልናት ሜሮን ዳር ላይ ቆማለች። በነርስ ልብሷ፣ እጇን አጣምራ።

"ከሥራ አስፈቅጄ ነው የመጣሁት። መቀመጥ አልቻልኩም" አለች። ከዚያ የሁለታችንንም ካያክ በዓይኗ በረበረች። "ዓሣውስ?"

"ይዞ ለቀቀው" አልኩ። "በዓይኔ አይቻለሁ። ማንም አልነካውም። ትልቅ ነበር።"

"ለቀቀው።"

"ለቀቀው።"

"ጋሽ ደረጄ፣" አለች፣ "አንተ እኮ ሰው ዝናብ ነው ካለ ፀሐይ ነው የምትል ሰው ነህ። እንዴት አድርጌ ልመንህ?"

ዕድሜዬን በሙሉ በተስማማው ሰው ላይ ስጽፍ ኖሬ፣ አንዲት ቀላል እውነት እንድታመነኝ በፈለግኩበት ቀን ቃሌ አንድ ሳንቲም አላወጣም። ሽማግሌዎቹ "አያዳላም" ያሉት ምስክር ይሄ ነው።

ጋሽ ሰይፉ ከካያኳ ገና አልወረደም። "ገዢው የት ነው የሚመጣው?" አላት።

ሜሮን ወደ መኪና ማቆሚያው ዞር ብላ አየች።

"ሜሮን። የት ነው?"

"እዚህ። ዛት ዌይ ሁለት ጊዜ መጫን የለብንም ብዬ..."

"እዚህ ጠራሽው? ከፍርዱ በፊት?"

"አባ፣ እኔ..."

የመለሰላት በእግሩ ነው። ፔዳሉን ወደ ኋላ ረገጠ፤ ካያኳ ከዳር ተላቃ አፈገፈገች።

"አባ! ውጣ!"

"ዓሣውን አይደል የምትፈልጊው? እዚያ ቅጠሉ ሥር ነው ያለው። ነይና ጠይቂው!"

"አባ! ካም ባክ! አይ ሚን ኢት!"

እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ይነዳል። ሜሮን አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ወረወረችና ወደ ካያኬ መጣች።

"ጃኬትህን።"

"መቅዘፍ ትችያለሽ?"

"ጋሽ ደረጄ፣ ዝም በልልኝ።"

ጃኬቴን ሰጠኋት። ገፋሁላት። መጀመሪያ ወደ ግራ ዞረች፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ዞረች፤ ውሃውን እየደበደበች፣ በሁለት ቋንቋ እየተራገመች፣ እየተጠማዘዘች ሄደች። እኔ ያለ ታንኳና ያለ ጃኬት ሣሩ ላይ ቀረሁ።

ቅጠሎቹ ጋ ደረሰችበት። ድምፃቸው በውሃው ላይ ይመጣል፣ ቃሉ ግን በድልድዩ ጉርምርምታ ይቆራረጣል። እጇ ወደ ዳር ይጠቁማል፣ የእሱ እጅ ወደ ሐይቁ። ከዚያ ጋሽ ሰይፉ ክርክሩን በመሐል አቋርጦ ወረወረ፤ የዘንጉን ቂጥ ብብቱ ሥር ሸጎጠ። የሜሮን ድምፅ አንድ ጊዜ ጠርቶ መጣልኝ፤

"ያ ከዘራህ ነው እንዴ?!"

እሱ የመለሰው አልተሰማኝም። እሷም ከዚያ በኋላ አልጮኸችም። መቅዘፊያዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ ወደ ጎን ዘንበል ብላ፣ ብብቱን ታያለች። እጁን፣ መዘውሩን፣ ደግሞ ብብቱን፤ ነርስ እንደምታየው።

ፒካፕ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ኮፍያ ያደረገ ፈርጣማ አሜሪካዊ ወርዶ ውሃውን አየ።

"የሚሸጠው ካያክ የትኛው ነው?"

"የሚሸጥ የለም" አልኩት። ማን ሥልጣን እንደሰጠኝ አላውቅም።

ሰውየው አልተቆጣም። ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ሌላ ሰው ሲያጠምድ አይቶ ዝም ብሎ አይሄድም። አጠገቤ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን በእጁ ጋረደ።

"ምንድነው የሚያጠምዱት?"

"ባስ።"

"በምን?"

"በከዘራ።"